ልጄን አድዋ ላይ ጣሊያን አደረጉብኝ

የጀሞዋ
እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ሰው ሁሉ ጋሻና ጦር የያዘ ልጁን ፎቶ ሲለጥፍ ስመለከት ዋልኩ። የእኔን ልጅ ፎቶ ግን አልለጥፍም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። ሐሙስ ማታ ከአባቱ ጋር ከፍሪጅ ካርቶን ጋሻ ሲቆርጡ፣ የመጥረጊያ እንጨት በብርማ ወረቀት ጠቅልለው ጦር ሲያደርጉ እስከ አራት ሰዓት አልተኙም። አርብ ጠዋት እጀ ጠባቡን አልብሼ፣ በኩል ጢም ስዬለት ሸኘሁት። ትምህርት ቤት ሲደርስ ጣሊያን የሚሆን ልጅ ጠፋ። ማን ይሆናል! ምኒልክ ብቻ ስድስት ነበሩ አለኝ፣ ጣይቱ አሥራ አንድ። መምህሯ ከኋላ የቆሙትን አምስት ልጆች ነጥላ "እናንተ ጣሊያን ናችሁ" አለቻቸው። የእሱን ጋሻ ለሌላ ልጅ ሰጥታ ባርኔጣ ደፋችበት። ከዚያ በወረቀት ኳስ ተወገሩና "ውደቁ" ተባሉ። አራቱ ወደቁ። የእኔው "እኔ አልወድቅም" ብሎ ቆመ፤ እንደቆመም ወገሩት። ሰርቪስ ውስጥ እስከ ጀሞ ድረስ "ጣሊያን! ጣሊያን!" ሲባል መጥቶ በሩን ስከፍትለት ኩሉ ከእንባው ጋር አገጩ ድረስ ወርዶ ነበር።

መምህሯን ለመክሰስ አይደለም የጻፍኩት። ሃምሳ ምናምን ልጅ ይዛ ያን ሁሉ ማሰናዳቷም ይገርመኛል። እኔን ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የመጣው ጥያቄ ነው።

ቅዳሜ ምሳ ማኮሮኒ አቀረብኩለት። "የጣሊያን ነው፣ አልበላም" አለ። እሺ ብዬ እንጀራ አመጣሁ። እየበላ "ግን ለምን መጡ?" አለኝ። "አገራችንን ሊወስዱ" አልኩት። "ወዴት?" አለኝ። ዝም አልኩ። "በመርከብ ነው የሚጭኑት?" ባሌ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ተነስቶ ወጣ፤ ልጁ ግን የምሩን ነው የሚጠይቀው።

ቀጥሎ "እማማ አድዋ ላይ ነበረች?" አለ። እማማ የሚለው አማቴን ነው፤ አብረውን ነው የሚኖሩት፣ 72 ዓመታቸው ነው። እሳቸውም "ኧረ ወዲያ! ያን ያህል አረጀሁ?" አሉት። "አያ ጅቦስ ነበር?" አለ ወዲያው። እውነቱን ነው። ማታ ማታ እማማ "ተረት ተረት" ሲሉት "የላም በረት" ይላል፤ ከዚያ "ድሮ ድሮ" ብለው ይጀምራሉ። አድዋንም ስነግረው እኔ "ድሮ" ብዬ ነው የምጀምረው። ለእሱ ምኒልክም፣ አያ ጅቦም፣ የአባቱ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥንም አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት።

ቀኑን ጠይቁት፣ "የካቲት ሃያ ሦስት ቀን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት" ብሎ እንደ ውዳሴ ማርያም ሳይተነፍስ ያወርደዋል። ስንት ዓመት ሆነው ስትሉት ግን "መቶ ሺህ" ይላል። እኔም ብሆን ታሪክን የተማርኩት ከሰሌዳ ኖት በመገልበጥ ነው። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ብላችሁ ብትጠሩኝ ቁጥሩን አውቃለሁ፤ ለሰባት ዓመት ልጅ አስረጂ ብትሉኝ ግን አፌን ነው የምይዘው።

እና ምን ልበለው? ስለ መግደልና መሞት በዚህ ዕድሜው ይነገረዋል? ትምህርት ቤቱን ላናግር ወይስ ይለፍ?

ሳሪስ ጋራዥ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ፣ የማኮሮኒውን ነገር ለእኔ ተዪው። የእኔም ልጅ እንዲሁ ሲያደርገኝ ጋራዥ ይዤው ሄድኩ። "ካቻቢቴ አቀብለኝ" አልኩት፤ አቀበለኝ። "ጣሊያንኛ ነው፣ መልሰው" አልኩት። ባሌስትራም ጣሊያንኛ፣ ካምቢዮም፣ ፍሪሲዮንም፣ ኩሽኔታም፣ ፍሬቻም፤ ማዶ ያለው ጎሚስታ ራሱ ሥራው ጣሊያንኛ ነው። "ሁሉን ከመለስን መኪናው በምን ይሄዳል?" አለኝ።

አንድ ነገር ግን አትርሺ። እኒህ ቃላት በአብዛኛው ከአድዋ 40 ዓመት በኋላ ከመጡት ጣሊያኖች የቀሩ ናቸው። መርካቶም ካዛንቺስም ስማቸውን ያገኙት በዚያው ዘመን ነው። ልጄ ጣሊያን ሁለት ጊዜ እንደመጣ ያወቀው እዚያው መኪና ሥር ተኝቶ ነው። ማኮሮኒውንም በላ።

ጠመኔ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጄ ልበልሽ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም። 31 ዓመት ወሎ ውስጥ ኅብረተሰብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሌሊት አንብቤው እንቅልፍ ነሳሽኝ፤ ምክንያቱም ይህን ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ቀይ ልጅ ነበረኝ። ቀይ ስለሆነ ብቻ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጣሊያን አደረግሁት። ከሃያ ዓመት በኋላ ደሴ መናኸሪያ ላይ አንድ ሹፌር ከመኪናው ወርዶ ተጠመጠመብኝ። አላወቅሁትም። "መምህር፣ እኔ እኮ ጣሊያኑ ነኝ" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ፣ ግን ስሙን አልነገረኝም፤ ጣሊያኑ ነኝ ነው ያለኝ።

ያ ልጅ ትምህርት ቤት እያለ ጦርነቱን ማሠራት ያቆምኩት እኔ ብልህ ሆኜ አይደለም፤ አንድ ዓመት ድንጋይ የወረወረ ልጅ ስለነበረ ነው። በምትኩ ጉዞውን ማሠራት ጀመርኩ። ጦርነቱ የአንድ ቀን ነው፤ ጉዞው ግን ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የካቲት ላይ ነው አድዋ የደረሰው። ያን ሁሉ መንገድ በእግር፣ በበቅሎ። የክተቱ አዋጅ ሲታወጅ የሸዋ ሰው መሰብሰቢያው ወረኢሉ ነበር። የእኛ ልጆች ወረኢሉን ያውቁታል፤ አክስት አላቸው፣ ለገበያ ይሄዳሉ። "ሠራዊቱ በዚህ አለፈ" ስላቸው ወደ መስኮት የሚዞር ልጅ ነበር፣ አሁንም የሚያልፍ ይመስል።

ከዚያ እጠይቃቸዋለሁ። ፍሪጅ የለም፣ ሱቅ የለም፤ አምስት ወር ምን ትበላለህ? መጀመሪያ "ብስኩት" ይላሉ። ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ማን ይሸከመዋል? አህያ፣ አጋሰስ። አህያዋስ ምን ትበላለች? እዚህ ላይ ክፍሉ ይናጋል። አንዷ ነጋሪት መቺ፣ አንዱ ውኃ ቀጂ፣ አንዱ አዝማሪ፣ አንዷ የምትፈጭ፣ አንዱ አህያ ነጂ ይሆናል። አህያ መሆን የሚፈልግ አይጠፋም፤ ጣሊያን መሆን የሚፈልግ ነው የሚጠፋው። በጓሮው ሦስት ዙር እናዞራቸዋለን። ሲደክማቸው "ገና ወልድያ ናችሁ" እላቸዋለሁ።

"ወዴት ሊወስዱት?" ያለው ልጅሽ ግን ከፈተና በላይ ነው የጠየቀው። እኔ እንዲህ ነበር የማደርገው። ሁለት ልጆች አወጣና አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ጎረቤት ይሆናል። ሁለት ወረቀት ላይ ይፈራረማሉ። በንጉሡ ወረቀት ላይ "ለሌሎች ልጆች ደብዳቤ ስጽፍ ከፈለግሁ በጎረቤቴ በኩል መላክ እችላለሁ" የሚል አለ። በጎረቤቱ ላይ ደግሞ "በእኔ በኩል ብቻ ይልካል" የሚል። አንዱ የሌላውን ወረቀት አያነብም። ከዚያ ንጉሡ ኋላ ወንበር ላለች ልጅ ደብዳቤ ይልካል። ልጅቷ በሹክሹክታ በነገርኳት መሠረት "ከጎረቤትህ ጋር ካልመጣህ አልቀበልም" ትለዋለች። የንጉሡን ፊት ያን ጊዜ ማየት ነው! "ለምን? እኔ እኮ እችላለሁ ነው ያልኩት!" ይላል። ይኸው አንቀጽ 17። ሚያዝያ 1881 ውጫሌ ላይ ሲፈረም አማርኛው "ይችላል" ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገው ነበር፤ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉም የመጣው መልስ ይኸው "በጣሊያን በኩል" የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ለልጅሽ አገር መውሰድ ማለት መጫን እንዳልሆነ፣ በራስህ ቤት ሌላ ሰው አዛዥ ሲሆን እንደሆነ ንገሪው። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለው ምሳሌ አያጣም።

ስለ ሞት ጠይቀሻል። ሰው እንደሞተ ንገሪው፣ ከሁለቱም ወገን። አንገት ለአንገት መተራረዱን ግን ለኋላ አቆዪው። ለዚህ ዕድሜ እኔ የምወደው የመቀሌውን ምሽግ ነው። ጣይቱ የምሽጉ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ አስያዙ፤ ውስጥ ያሉት ጣሊያኖች ተጠሙ፤ እጅ ሲሰጡ ምኒልክ መሣሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። አዲስ አበባ የምትኖሩ ሰዎች ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣላችሁ ማስረዳቱ አይከብድሽም። የአድዋ ምርኮኞችም ቢሆኑ ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ ውል ከተፈረመ በኋላ ወደ አገራቸው ገብተዋል። ይህን ለልጅሽ ንገሪው፤ ጣሊያኑ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ በይው።

የአያ ጅቦ ነገር ደግሞ። ተረትና ታሪክን የሚለየው "በምን አወቅን?" የሚለው ጥያቄ ነው። እማማን ሳጥናቸውን አስከፍቻቸው። የጃንሆይ ምስል ያለበት ስሙኒ ካላቸው 1936 ይላል። የደርጉ ባለ አንበሳ ሳንቲም 1969። ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም 2002። ይደርድራቸው። (ካደገ በኋላ የጃንሆይ ሳንቲም ለብዙ ዓመታት 1936 እየተባለ መመታቱን፣ ማርትሬዛም ሁልጊዜ 1780 ማለቱን ትነግሪዋለሽ። ጽሑፍም ይዋሻል፤ አሁን ግን አትበጥብጪው።) ከዚያ ገመድ ዘርጊ። አሥር ዓመት አንድ ስንዝር። ራሱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ቅም አያቱን ያንጠልጥል። የሰባት ቤት ቆጠራ አያቶቻችን በቃል ያስተማሩን ታሪክ እኮ ነው፤ እኛ ነን የጋብቻ ጉዳይ ብቻ ያስመሰልነው።

ትምህርት ቤቱንም አናግሪ። ስትሄጂ ግን ክስ ይዘሽ አትሂጂ፣ በሶ ይዘሽ ሂጂ።

ዝም ያለ ሰው
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

የሰባት ዓመት ልጅ ታሪክ ምን ያደርግለታል? ሒሳብና እንግሊዝኛውን ይማር። ታሪክ ታሪክ እያልን አይደል የተባላነው።

የጀሞዋ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ወንድሜ፣ እኔ ባላስተምረው ሰርቪሱ ውስጥ ያስተምሩታል። አርብ ዕለት አይተነዋል።

ጋሼ ጠመኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ "ጣሊያኑ ነኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ዝም አለ። እሱም ሦስተኛ ክፍል እያለ ጣሊያን ነበር ለካ! አሥር ዓመት በትዳር ኖረን ዛሬ ነው የነገረኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡20 በእናንተ

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልጄ አራተኛ ክፍል ሆና ስለ አድዋ ለክፍሏ አቀረበች፤ ከእኔ የሰማችውን 1888 ብላ ጻፈች። አስተማሪዋ አስምሮበት 1896 አደረገው። ቤት መጥታ "ዋሽተሽኛል" አለችኝ። ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ፣ የእኛ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ እንደሚል አስረዳኋት። "ኢትዮጵያ ስሄድ ዕድሜዬ ይቀንሳል?" አለች። ቢቀንስማ እዚህ ማን ይቀር ነበር!

ስለ ሞት የጠየቅሽውን ግን እኔ በፎቶ ነው የተማርኩት። ሳሎናችን ውስጥ የታላቅ ወንድሜ ፎቶ ተሰቅሏል። አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ። 1970 ላይ በቀይ ሽብር ነው ያጣነው፤ 19 ዓመቱ ነበር፣ እኔ ገና ሁለት። እናቴ ልጆቼን ልትጠብቅልኝ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ልጄ "ይህ ማነው?" ስትላት "አጎትሽ ነው፣ ውጭ አገር ነው ያለው" አለቻት። እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ልጄ ትንሽ አሰበችና "እኛ እኮ ውጭ አገር ነን፤ ታዲያ ለምን አይጠይቀንም?" አለች።

እናቴ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው። ቡናው ገና ሁለተኛው ነበር። ብዙ ቆይታ "ገደሉት" አለች፣ በቃ አንድ ቃል። እኔ ልጄ እንዴት ብላ ትጠይቃለች ብዬ ስንቀጠቀጥ እሷ "ምን ይወድ ነበር?" አለቻት። "ኳስ" አለች እናቴ። "ደግሞ የገንፎ ቅቤ ከመሃሉ እየጨለፈ ይሰርቅ ነበር።" ይህን እኔም በ46 ዓመቴ መስማቴ ነው። እንዴት እንደሞተ ልጄ እስከ ዛሬ አልጠየቀችም። የጠየቀች ቀን እነግራታለሁ። ገንፎ በሠራን ቁጥር ግን ከመሃል ትጨልፍና ፎቶውን ታየዋለች።

ስለዚህ እህቴ፣ እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ የጠየቀሽን ያህል መልሺለት። የማይጠይቅሽን አንቺ በፍርሃትሽ አትጨምሪበት፣ ውሸትም አትሙዪበት፤ ልጆች ያገኙታል።

ሳሪስ ጋራዥ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ነፍስ ይማር። ጠዋት ሥራ ቦታ አነበብኩትና ባልደረቦቼ ምን ሆንክ አሉኝ።

የጀሞዋ
እሑድ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017፣ ከቀኑ 10፡00

የደረስንበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ገመዱን በረንዳ ላይ ዘረጋነው፤ የልብስ ማስጫዬን ማለቴ ነው፣ ይኸው ሁለት ሳምንት ካልሲ ወንበር ላይ ነው የማሰጣው። በአባቱ ስንዝር ለካን። ልጁ ራሱ አንድ ስንዝር እንኳ አልሞላም፤ ቅር አለው። የክትባት ካርዱ ላይ የነበረውን ፎቶ አንጠለጠለ። እማማ ሰባተኛው ስንዝር ላይ ናቸው። የእማማ አባት በ1928 ጣሊያን ሲገባ የአሥር ዓመት እረኛ ነበሩ፤ አውሮፕላን ሲመጣ ከጥጃዎቹ ጋር ዋሻ መግባታቸውን እማማ ነገሩት፤ ዘጠነኛው ስንዝር ላይ ጥጃ ስሎ ሰቀለ። አድዋ አሥራ ሦስተኛው ላይ ነው፤ የእማማ አያት ያኔ በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃን ነበሩ። "ስለዚህ እማማ አልነበረችም፣ የእማማ አያት ግን ታዝለው ነበሩ" ብሎ በጣቱ ወደ ኋላ ቆጠረ። የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ።

የወረቀቱን ጨዋታ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጫወቱት። ተጣሉ። ጋሼ ጠመኔ እንዳሉት "እችላለሁ ነው ያልኩት!" ብሎ ሲጮህ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ማታ ለአድዋው ቦታ ሥዕል ሣለ፤ ምኒልክ የለም፣ ጣይቱም የለችም። መርከብ ነው፣ ላዩ ላይ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው። "ማነው?" አልኩት። "እኔ ነኝ፣ ጣሊያኑ። ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው።" "መርከቡ ላይ ምን ጫንክ?" አልኩት። "ምንም። ባዶውን ነው።"

መምህሯንም አገኘኋት፣ በሶ ይዤ ነው የሄድኩት። ቆም ብላ ሰማችኝና "እኔም እኮ ልጅ ሆኜ ጣሊያን ነበርኩ" አለችኝ። ለከርሞ ጉዞውን ልትሞክር ነው፤ ስንቁ የወላጅ ኮሚቴ ላይ ወድቋል፣ ኮሚቴው ደግሞ እኔ ሆኛለሁ።

አሁን የቀረው ጣጣ ድንቅነሽ ናት። የት ትንጠልጠል አለ። ላሊበላ እንኳ ሰማንያ ስንዝር ያህል ሆኖ ከበረንዳው ወርዶ መኪና ማቆሚያው ጋ ነው የደረሰልን። ባሌ ካልኩሌተር አወጣ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት በዚሁ ስንዝር 64 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው። አምስት ኪሎ ሙዚየም ነው ያለችው፣ ቁመቷም 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው፣ ሄደን ትለካካላችሁ ብዬ ብለምነው አልሰማኝም። ቅዳሜ ሞጆ ካልሄድን ይላል።